ትንኝ የሌለበት ዳርቻ

መጀመሪያ የተሰማው ፉጨት ነው። ቀጭን፣ ደረቅ፣ ሄድ መለስ የሚል ፉጨት። መካኒኩ ዓይኑን ሳይገልጥ፣ «ኩሽኔታ ነው፤ ግራሶው ያለቀበት ኩሽኔታ። ዛሬ ካልተቀባ ነገ መንከሱ አይቀርም» ሲል አሰበ። እጁም ኪያቤ ፍለጋ ትራሱ ሥር ገባ። ጨርቅ ብቻ ሲዳብስ ጊዜ ነቃ። የፋብሪካው የሽመና አዳራሽ የለም። ያለው መኝታ ቤቱ ነው፤ የሚያፏጨውም የሚስቱ ደረት ነው።

ጡረታ ከወጣም በኋላ አነቃቁ አልተለወጠም። ዕድሜውን ከሽመና ማሽን ጋር የጨረሰ ጆሮ ብዙ ነገር አይሰማም። በር ሲንኳኳ አይሰማም፤ ጎረቤት ሲጣላም አይሰማም፤ ይህንንስ ፋብሪካው የሰጠው ምርቃት አድርጎ ነው የሚቆጥረው። ቀጭን ፉጨት ግን አያመልጠውም። የደከመ ብረት የሚናገረው በዚያ ድምፅ ነውና።

ሚስቱ ቀድማው ነቅታለች። ጋደም ብሎ መተኛት ካቃታት ሰንብቷል። ትራስ በትራስ ላይ ደራርባ፣ ተቀምጣለችም ተኝታለችም በማይባል ሁኔታ፣ ፊት ለፊቷ ያለውን ግድግዳ ታያለች። ግድግዳው ላይ የሦስት ባሕር ዳርቻ ሥዕሎች ጎን ለጎን ተለጥፈዋል። መንቃቱን ስታውቅ ፊቷን አዞረችና ያለ ድምፅ፣ በከንፈሯ ብቻ፣ «ዛሬስ የቷ ናት?» አለችው።

እንዲህ መነጋገር የተማሩት ከአዳራሹ ነው። ማሽኖቹ ከተነሱ ወዲያ እዚያ ውስጥ መድፍ ቢተኮስ የሚሰማ የለም፤ ስለዚህ የአዳራሹ ሰው ሁሉ ጨዋታውም ሐሜቱም በከንፈር ነው። አዲስ ገቢ የተበጠሰ ክር መቀጠል ከመማሩ በፊት ይህን ይማራል፤ ፊትህን የሰጠኸው ሰው ይሰማሃል፣ ጀርባህን የሰጠኸው ሰው ዘንድ የለህም። ሰው እያናገረህ ዓይንህን ከጨፈንክ ደግሞ በሩን ፊቱ ላይ ጠረቀምክበት ማለት ነው። ከዚያ የከፋ ስድብ አዳራሹ አያውቅም። ሰዎች ተደባድበው በማግስቱ ሲታረቁ ታይተዋል፤ ዓይን የጨፈነ ግን እንዲህ በቀላሉ አይታረቅም።

እሷ ሸማኔ ነበረች። ከማሽን ማሽን ስትመላለስ እግሯ መሬት የሚነካ ስለማይመስል ስሟን ትተው፣ ክር ይዞ ወዲያ ወዲህ በሚበረው የሽመና ዕቃ «መወርወሪያ» ይሏት ነበር። እሱ ደግሞ የማሽኖቹ መካኒክ ነበር፤ አንዲት ቡሎን ሳይፈትሽ ማሽን የማያስነሳ፣ አለቆቹ በዝግታው የሚበሽቁበት፣ ያስነሳው ማሽን ግን የማይቆም ሰው። «አግቢኝ» ያላትም እሷ ከማሽኖቹ ረድፍ ማዶ ሆና በከንፈሩ ነው። የሷን ዓይን ብቻ ሲያይ ከኋላዋ ያሉት ሴቶችም ፊታቸው ወደ እሱ መሆኑን ረሳው። እሷ ገና ስታቅማማ ከኋላ አንዷ «እሺ በይው፤ ጥርሱ አያምርም እንጂ እጁስ ጥሩ ነው» አለች። ረድፉ በሙሉ በሳቅ ተንከተከተ። ያኔ እሱም ሳቀ፣ አፈረም። ነገር በዓይን ይገባል ይባላል፤ ለሌላው ሰው ተረት ነው፣ ለአዳራሹ ሰው ግን የዕለት ኑሮ።

አዳራሹ ሲያሰናብታት ሁለት ነገር አስይዟታል፤ ሳንባዋ ውስጥ የጥጥ ብናኝ፣ ጆሮዋ ውስጥ ደግሞ ጭው የሚል የማያቋርጥ ድምፅ። ሳንባዋን ቻለችው። ጆሮዋ ግን እረፍት ነሳት። ሰው የሌለበት ቤት ስትቀመጥ ጭውታው ይብሳል፤ ከተማ ስትወጣ ደግሞ ከመኪናው ጋር ተደባልቆ ራሷን ይበጠብጠዋል። ቤታቸው ያለው ከአውቶቡስ መናኸሪያው ግንብ ጀርባ ነው። ረጅም መንገድ የሚሄዱት አውቶቡሶች ሞተር ሲያሞቁ ድምፁን ባይሰሙት እንኳ ወለሉ በእግራቸው በኩል ይነግራቸዋል።

ታናሽ ወንድሟ የጉዞ ቢሮ ውስጥ ትኬት ቆራጭ ነው። አንድ ቀን ልትጠይቀው ቢሮው ብትሄድ ቴሌቪዥኑ ላይ የባሕር ፊልም ተከፍቷል። ማዕበሉ ይመጣል፣ አሸዋው ላይ ይዘረጋል፣ ይመለሳል። ጠጋ አለችና ጆሮዋን ድምፁ ከሚወጣበት ላይ ለጠፈች። ደንበኞቹ አፈጠጡ፤ ወንድሟ አፈረ። እሷ ግን ንቅንቅ አላለችም። ቀና ስትል ዓይኗ እንባ አቅርሯል። «ዝም አለልኝ» አለችው። «ጭውታው ዝም አለልኝ።»

የሁሉ ነገር መነሻ ይህ ነው። ከዚያ ወዲያ ምን ትፈልጊያለሽ ለሚላት ሁሉ መልሷ አንድ ሆነ፤ ከውሃ በቀር ማንም የማይናገርበት ሞቃት ዳርቻ ሄዳ መቀመጥ። ብርድ ደረቷ አይችልምና ሞቃት ይሁን፤ ሌላውን ለእናንተ ትቼዋለሁ አለች። ወንድሟ የሦስት ዳርቻ ሥዕል ይዞ መጣና ግድግዳው ላይ ለጠፈላት። ሰውዬው ቀልደኛ ነው። «እኔ ራሴ ባሕር አይቼ አላውቅም፤ ስንቱን ሰው ግን ባሕር ውስጥ ከትቻለሁ» እያለ ሦስቱንም እንደ ሙሽራ አሞጋገሰ። የሦስቱም መንገድ አንድ ነው፤ የባሕሩ አውቶቡስ ከዚሁ ከመናኸሪያው ይነሳል፣ ተሳፋሪው ወደየዳርቻው የሚለያየው ከተራራው ማዶ መገንጠያው ጋ ሲደርስ ነው።

የመጀመሪያዋ ደሴት ናት። ዱቄት የመሰለ አሸዋ፣ ጎንበስ ያለ የዘንባባ ዛፍ፣ ሌላ ምንም። በጣም ጸጥ ያለችው እሷ ናት፤ ነገር ግን ወባ አለባት፣ ሐኪም የለባትም፣ መሄጃዋም ነፋሱ ሲፈቅድ የምትሻገር ጀልባ ብቻ ናት። ሁለተኛዋ የዓሣ አጥማጆች ሰፈር ያለባት ገባ ያለች ዳርቻ ናት። ነርስ ያላት አንዲት ክፍል ጤና ጣቢያ አለች፤ ግን ቀን በፀሐይ የሚናከስ፣ አጥንት የሚሰብር ትኩሳት የሚያመጣ ሌላ ዓይነት ትንኝ አለ፤ አየሯም እርጥብ ጨርቅ አፍ ላይ እንደ መጫን ነው ይላሉ። ሦስተኛዋ ከተማ ናት። ሆስፒታሉ፣ ኦክስጅኑ፣ አስፋልቱ ሁሉም አለ፤ ሌሊቱን ሙሉ ዘፈንም አለ፤ ጄኔሬተርም አለ፤ አሸዋው ላይ ሞተር ብስክሌት የሚነዱ ጎረምሶችም አሉ። መወርወሪያ የከተማዋን ሥዕል አይታ፣ «ለዚህ ለዚህማ አዳራሹ ምን ነበረው?» አለች። ዓይኗ የተመለሰው ወደ ደሴቷ ነው።

መካኒኩም እንደ ልማዱ መፈተሽ ጀመረ። ሐኪሟን ሳያማክር እንዴት ይሆናል?

የሐኪሙ ክፍል በር ከወገብ በላይ መስታወት ነው። ሐኪሙ ሳንባዋን አዳምጦ፣ ፎቶውን አይቶ ሲያበቃ፣ ኮሪደሩ ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ጥግ ትንሽ እንድታርፍ ጠየቃትና ባሏን ብቻ አስቀረው። መካኒኩ ነገሩ ገባው። ስለዚህ ወንበሩን አዙሮ ጀርባውን ለመስታወቱ ሰጥቶ ተቀመጠ። ምን ቢሰማ፣ ምን ቢመልስ፣ ሚስቱ ከከንፈሩ ላይ እንዳትለቅመው ነው። በዚህ ብልሃቱ በዚያች ሰዓት እንኳ በልቡ ራሱን አመስግኗል።

ሐኪሙ ልጅ እግር ነው፤ ቃላቱን እየለየ፣ ለደንቆሮ እንደሚናገር አፉን እየከፈተ ነው የሚያወራው። «አባቴ፣ እውነቱን ልንገርዎት። ሳንባቸው አልቋል። ስለ ወባው ጠየቁኝ፤ ወባ እስኪይዛቸው የሚቆዩ አይመስለኝም። ደስ ያላቸው ቦታ ይውሰዷቸው፤ ቶሎ ይውሰዷቸው።»

መካኒኩ ጉልበቱን እያየ፣ «ለእሷ እንዳይነግሩብኝ» አለ።

ሲወጣ ተነስታ ቆማ ነበር። ፊቷ ላይ የተለየ ነገር አላየም። በከንፈሩ፣ «ጥሩ ነው» አላት። «ደረትሽ ትንሽ እስኪጠና እንቆይ አለ። ቦታውንም ተጠንቅቃችሁ ምረጡ፣ በተለይ ትንኙን አደራ ብሏል።»

«አደራ አለ?»

«አደራ አለ።»

ከንፈሩን አየችው። ንግግሩ ካለቀ በኋላም ትንሽ አየችው። ከዚያ ክንዱን ያዘችና ሄዱ። ከዚያን ቀን ጀምሮ መቼ ነው የምንሄደው ብላ ጠይቃው አታውቅም። ጠዋት ጠዋት የምትጠይቀው የቷ ናት ብላ ብቻ ነው። እሱ ደግሞ ትዕግሥት መሰለው፤ ተመስገን አለ።

ለምን ታዘገያለህ ቢሉት ስለ ትንኝ ነው የሚያወራው። ግን ውስጡ አንድ የቆየ የመካኒክ እምነት ነበረው፤ ያልተነሳ ማሽን አይሰበርም። ምርጫው እስካላለቀ ጉዞው አይጀመርም፤ ጉዞው እስካልተጀመረ መጨረሻውም የለም። እንዲህ ብሎ አፍ አውጥቶ አላሰበውም፤ ኖረበት እንጂ።

ስለዚህ መረመረ። የደሴቷን የወባ ነገር ለማጣራት እዚያ የነበረ ሰው ፈልጎ አገኘና ትንኞቹ በስንት ሰዓት እንደሚወጡ ጠየቀው። ሰውዬው ትንኞቹን ሰዓት ጠይቋቸው እንደማያውቅ መለሰለት። የዓሣ አጥማጆቹ ሰፈር ጤና ጣቢያም ደወለ፤ እሱ ስለማይሰማ ይጮኻል፣ ነርሷ ስለሚጮኽባት ትጮኻለች፣ መጨረሻ ላይ ተሰዳድበው ዘጉ። ስልክ ከንፈር የለውም። ቀጥሎ የወባ መከላከያው ክኒን ከምትወስደው የልብ መድኃኒት ጋር አይስማማም ተባለ፤ ሌላ ክኒን ሲያፈላልግ ሰነበተ። አጎበር ገዛ። ገዝቶም አልተኛለትም፤ አልጋው ላይ ሰቅሎ፣ መብራት ከውስጥ አብርቶ፣ ቀዳዳ ካለው ብሎ በጣቱ እየዳበሰ ዙሪያውን ዞረ። እሷ ከውስጥ ተቀምጣ ታየዋለች።

«አንተ ሰውዬ» አለችው በከንፈሯ፤ «ባሕሩ ሳንደርስ አጠመድከኝ እኮ።»

ሳቁ። ሳቋ ወደ ሳል ተለወጠና ከአጎበሩ አውጥቶ ጀርባዋን ደገፈላት። ሳሉ ሲበርድ ሥዕሎቹን እያየች፣ «እንዳያማህ ጥራው፣ እንዳይበላ ግፋው» አለች። እሱ ስለ ክኒኑ እያሰበ ነበር፤ ለማን እንደተተረተ አልጠየቀም።

ወንድሟ ግን በግልጽ ነገረው። በር ላይ ሲሸኘው ነው፤ ሻይ ጠጥቶ ሊሄድ ሲል። «ጋሼ፣ የዚህ ባሕር ነፋስ በዓመት አንዴ ይገለበጣል። ከተገለበጠ ወዲያ ወደ ደሴቷ ጀልባ የለም፤ ወቅቱ እስኪያልፍ ድረስ ወፍ ካልሆነ በቀር የሚሻገር የለም። ወስን እንጂ።»

«አንድ ነገር ብቻ ቀርታኛለች» አለ መካኒኩ።

«ሁልጊዜ አንድ ነገር ብቻ ነው የምትቀርህ።»

እንግዲህ ያን ጠዋት «ዛሬስ የቷ ናት?» ስትለው፣ ብድግ ብሎ ሸሚዙን እየለበሰ፣ መድኃኒቷን ሊያመጣ ሐኪም ቤት እንደሚሄድ፣ ከዚያ መልስ ቁርጡን እንደሚነግራት ቃል ገባላት። ደረቷ ትናንት ማታ ካፏጨው በላይ እያፏጨ ነው። ሰምቶ እንዳልሰማ ሆነ።

«ዛሬ ቁርጥ ነው?» አለችው።

«ቁርጥ ነው።»

ከዚህ በፊትም ቁርጥ ብሎ ያውቃል። እሷም ሳትሰማው የቀረች አልነበረም። ግን የአልጋውን ጠርዝ ተደግፋ ተነሳችና ኮቱን ቆለፈችለት። የመጨረሻውን ቁልፍ ስትደርስበት ትንፋሽ አጠራት፤ ጠበቃት፤ ቆለፈችው። ድሮ ሥራ ሲገቡ ታደርገው የነበረ ነገር ነው፤ ከተወችው ዘመን ሆኖታል። ደስ አለውና ወጣ።

ሐኪም ቤቱ መድኃኒት መስጫ ጋ ሰው ተሰልፏል። ወረቀቱን ተቀበሉትና ኮሪደሩ ላይ ቁጭ ብሎ እንዲጠብቅ በእጅ አሳዩት። አግዳሚ ወንበሩ ሞልቶ አንድ ቦታ ብቻ ቀርቷል፤ ጥጉ ጋ። ተቀመጠ። ኮቱን እየቃኘ፣ ቁልፎቹን እየነካካ ቆየና ቀና አለ።

ፊት ለፊቱ የሐኪሙ በር ነው። ከመስታወቱ ወዲያ አንዲት ሴት ጀርባዋን ሰጥታ ተቀምጣለች። ከእሷ ባሻገር ሐኪሙ አለ፤ ፊቱ ሙሉ በሙሉ ወደ ኮሪደሩ ነው፤ መብራቱ በላዩ ላይ ነው፤ ቃላቱን እየለየ፣ አፉን በደንብ እየከፈተ ይናገራል።

«እህቴ፣ እውነቱን ልንገርሽ» አለ ሐኪሙ። «የአባትሽ ኩላሊት አልቋል።»

አጠገቡ የተቀመጡት ሰዎች ምንም አልሰሙም። አንዱ ያንቀላፋል፤ አንዷ ልጇን ታባብላለች። መካኒኩ ግን አንዲት ቃል አላመለጠችውም። «አድካሚ ነገር ባታደርጉባቸው» አለ ሐኪሙ፤ «የሚወዱትን ብሉ በሏቸው» አለ፤ «ከዚህ ወዲያ ጥንቃቄው ለእናንተ ነው እንጂ ለእሳቸው አይደለም» አለ። ፊደል እንደ ማንበብ ነው። ከፊደልም ይቀላል።

መካኒኩ የተቀመጠባትን ጥግ በእጁ ዳሰሳት። ያን ቀን ሚስቱ የተቀመጠችው እዚህ ነው። የራሱን ከንፈር ደብቆ የሐኪሙን ከንፈር ረስቶ ነበር። በከንፈር የሚያወራ የአዳራሹ ሰው ብቻ ይመስለው ነበር፤ ሌላው ሰው በድምፅ ስለሚያወራ ከንፈር የሌለው ይመስል። ወጣት ሆኖ ረድፍ ሙሉ ሴት የሳቀበትን ስሕተት ሸምግሎ ደገመው። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይላሉ፤ የእሷ ጆሮ ግን ዓይኗ ነበር፤ ሁሉንም ሰምታ፣ ከዚያ ተነስታ ቆማ ጠብቃው፣ «አደራ አለ?» ብላ ጠየቀችው። ዕድል ልትሰጠው ነበር የጠየቀችው። እሱም «አደራ አለ» አላት።

ከዚያ ወዲያ ያለው ጠዋት ሁሉ ተራ በተራ መጣበት። የቷ ናት ስትለው፣ አጎበሩ ውስጥ ተቀምጣ ስታየው፣ ስትተርትበት፤ ሁሉንም እያወቀች ነበር። ስሙን ከመስኮቱ ደጋግመው ቢጠሩም አልሰማም፤ መድኃኒቱን የሰጡት ሰው መጥቶ ትከሻውን ነክቶ ነው።

ቀጥታ የሄደው ወንድሟ ቢሮ ነው። ወንበር አልሳበም። «ደሴቷን ቁረጥልን» አለ፤ በድምፁ ነው ያለው፤ ደንበኞቹ ዞር ብለው እስኪያዩት ጮክ ብሎ። «ለዛሬ። ካልሆነ ለነገ። ለሁለት ሰው።»

ትኬት ቆራጩ የያዘውን ስክሪብቶ አስቀመጠ። የሚቀልድበት ፊት አልነበረውም። «ጋሼ፣ ነፋሱ ተገለበጠ እኮ። ጀልባዎቹ ቆመዋል። ትናንት አንተ ገበያ ሄደህ ቤት መጥቼ ለእትዬ ነግሬያታለሁ። አልነገረችህም?»

«ምን አለች?»

«ምንም። ሥዕሎቹን ስታይ ቆየች። ከዚያ ሻይህ ቀዘቀዘ አለችኝ።»

እና ዛሬ ጠዋት የቷ ናት ብላ ጠይቃዋለች። ጀልባ እንደሌለ እያወቀች ጠይቃዋለች። መካኒኩ ወቅቱ መቼ እንደሚያልፍ ጠየቀ፤ ወንድሟ ነገረው፤ ከዚያ ሁለቱም እሷ እስከዚያ ትቆይ እንደሆነ በየልባቸው አሰሉ።

«ሁለቱ አሉ» አለ ወንድሟ። «የዓሣ አጥማጆቹ ሰፈር አለ፣ ከተማዋ አለች። አውቶቡሱ ዛሬም ነገም አለ። የቷን ልቁረጥ?»

መካኒኩ አፉን ከፈተ። የትንኙን ነገር አሰበ፤ የኦክስጅኑን ነገር አሰበ፤ የጄኔሬተሩን ድምፅ አሰበ። ከዚያ፣ «እሷን ልጠይቃት» አለ። ይህን ሁሉ ጊዜ ክኒኑን፣ ነርሷን፣ አጎበሩን ሲጠይቅ፣ እሷን አንዴም የቷን ትወጃለሽ ብሎ አልጠየቃትም። የምትወደውን ስለሚያውቅ ነበር ያልጠየቃት።

ቤት ሲደርስ በሩ ገርበብ ብሏል። አልጋው ተነጥፏል፤ ትራሶቹ እንደ ድሮው በቦታቸው ተጋድመዋል። አጎበሩ ተጣጥፎ ወንበር ላይ ተቀምጧል። ትንሿ ቦርሳዋ ከመደርደሪያው ላይ የለችም፤ ሰማያዊ ሹራቧም ከሚስማሩ ላይ የለም። ግድግዳውን አየ። ሦስቱም ሥዕሎች እንደተለጠፉ ናቸው። አንዱን ገንጥላ ይዛ ሄዳ ቢሆን ኖሮ የቷ እንደሆነች ያውቅ ነበር። ጠርዛቸው እንኳ አልተነካም።

ወለሉ ከእግሩ ሥር ተንቀጠቀጠ። የባሕሩ አውቶቡስ ሞተር ሲያሞቅ ነው።

መድኃኒቱን እንደያዘ መንገዱን ተሻገረ፤ የመናኸሪያውን ግንብ ዞሮ በበሩ ገባ። አውቶቡሱ ሞልቷል፤ ጣሪያው ላይ ሻንጣ እየታሰረ ነው። በሩ ተዘግቷል። በመስኮቶቹ ሥር እየሄደ ፊት ሲፈልግ ከመሃል ሰማያዊውን ሹራብ አየ። መስኮት አጠገብ ነው የተቀመጠችው፤ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋለች። መስታወቱ ዝግ ነው።

ጣቱን አጥፎ መስታወቱን መታ። ፊቷን አዞረችና አየችው። አልደነገጠችም። ትከሻዋ ከትንፋሿ ጋር ከፍ ዝቅ ይላል፤ አፏ አጠገብ ያለው መስታወት ይደበዝዝና ይጠራል። ፉጨቱን አይሰማውም፤ በዓይኑ ግን ያየዋል።

በከንፈሩ ብቻ ተናገረ፤ ከአዳራሹ ከወጣ ወዲህ እንዲያ እየለየ ተናግሮ አያውቅም።

«ያን ቀን ሐኪሙ ያለውን አይተሻል። አውቄያለሁ፤ ዛሬ ወንበርሽ ላይ ተቀምጬ አየሁት። ዋሸሁሽ። ወዴት እንደምትሄጂ ንገሪኝ። ጀልባው ቆሟል። የቷ ናት? ብቻ የቷ እንደሆነች ንገሪኝ፣ እመጣለሁ። ነገ እመጣለሁ። እዚያ ደግሞ ትንኝ…»

ከንፈሩን ነከሰ። ቃሉ ግን ወጥቷል።

እሷ እስከ መጨረሻዋ ፊደል ድረስ አየችው። አንዲትም አላመለጠቻትም። ከንፈሯ ተላቀቀ፤ ሊናገር እንደሆነ ሁሉ ተላቀቀ። እሱ አፍንጫው መስታወቱን እስኪነካ ተጠጋ። እሷ ግን አየር ነበር የምትስበው። ሳበችው፣ አስወጣችው። ፊቷ ላይ ቁጣ አልነበረም፤ ቁጣ ቢሆን ያውቀው ነበር።

ከዚያ ዓይኗን ጨፈነች።

ዘለግ ላለ ጊዜ ጨፍና ቆየች። ስትገልጠው ወደ እሱ አልነበረም፤ ቦርሳዋን አቅፋ ወደ መተላለፊያው ዞራለች፤ ለመስኮቱ የቀረው ጀርባዋ ነው። ረዳቱ መካኒኩን ክንዱን ይዞ ከጎማው አራቀው። መካኒኩ ግን ከንፈሩን ማንቀሳቀሱን አልተወም፤ ማንም ሳያየው፣ ለሰማያዊው ሹራብ ጀርባ፣ የቷ ናት፣ የቷ ናት ይላል። አውቶቡሱ ከበሩ ወጣና ሦስቱም ዳርቻ ወዳሉበት መንገድ ታጠፈ።